ጠበቃ ማንን ይጠብቃል?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2013 የቦስተንን ማራቶን በወንዶች አንደኛ ሆኖ የጨረሰው የአገራችን ልጅ ሌሊሳ ዴሲሳ ነበር። እሱ ከገባ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ተራው ሯጭ ገና እየተንጠባጠበ ሲደርስ፣ በመጨረሻው መስመር አጠገብ ሁለት ቦምቦች ፈነዱ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ከሦስቱ አንዱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ከ260 የሚበልጡ ቆሰሉ፤ ከነሱም እግራቸው የተቆረጠ ብዙ ናቸው። ሌሊሳ በዚያው ዓመት በጁን ወር ወደ ቦስተን ተመልሶ ሜዳሊያውን ለከተማው ሰጠ። «ለምን?» ብሎ የጠየቀው የለም። ለተጎዳ ማዘን ጥያቄ አያስነሣማ!

ጥያቄ የሚያስነሣው ወዲያኛው ነው። ቦምቡን ያፈነዱት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ታመርላን ጻርናየቭ ከፖሊስ ጋር ሲታኮስ ሞተ፤ የ19 ዓመቱ ታናሽ ጆኻር ቆስሎ ተያዘ። የታላቁን ሬሳ የሚቀብር ጠፋ። ሬሳውን በተረከበው ቀብር አስፈጻሚ ደጃፍ ላይ ሰልፈኛ ተሰበሰበ፤ የመቃብር ቦታዎች አንድ በአንድ አንቀበልም አሉ። በመጨረሻ በቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት ሴት ወሬውን ሰምታ ቦታ አፈላለገችና በሜይ ወር እዚያ ተቀበረ። የዚያም አካባቢ ሹማምንት ደግሞ «ሳንጠየቅ!» ብለው ተቆጡ። በእኛ አገር እድር ሟቹን «ምን ዓይነት ሰው ነበርክ?» ብሎ አይመረምርም (መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ ማለታችን ነው)፤ ስለዚህ ይህን ስንሰማ ፈረንጆቹን ለመታዘብ እንቸኩላለን። ግን አንቸኩል። ወደ ኋላ ወደ ራሳችን ስንመጣ አንገት የሚያስደፋ ነገር አለ።

የታናሹ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ፍርድ ቤቱ ጠበቆች አቆመለት፤ ከነሱ ዋነኛዋ ጁዲ ክላርክ ነበረች። ይህች ሴት ቀደም ሲል በፖስታ ቦምብ እየላከ ሰው ሲገድል ለኖረው ለቴድ ካዚንስኪ፣ ፋጡማ ሮባ ወርቅ ባመጣችበት በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ቦምብ ላጠመደው ለኤሪክ ሩዶልፍም ቆማ ነበር። ሁለቱም ከሞት ቅጣት ተርፈው ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸዋል። እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2015 የጻርናየቭ ችሎት ሲከፈት ክላርክ ተነሥታ ለጁሪው፣ ማለት ከሕዝቡ ተመርጠው ለሚፈርዱት አሥራ ሁለት ሰዎች፣ አድራጊው ደንበኛዋ መሆኑን በራሷ አንደበት ተናገረች።

እንዴ! ታዲያ ጠበቃዋ ለምን ቆመች?

በዚህ ጥያቄ ላይ በመኝታ ክፍሎቻችን ብዙ ሌሊት ተከራክረናል። አብዛኞቻችን ጠበቃ የሚያስፈልገው «ምናልባት ንጹሕ ቢሆንስ» በሚል ነው ብለን እናምን ነበር። ይህ መልስ ጥሩ መልስ ነው፤ ግን ጥርጣሬ ባለበት ብቻ ነው የሚሠራው። ሰውየው «አዎ፣ እኔ ነኝ» ካለ በኋላ ምርኩዙ ይሰበራል። ከመካከላችን አንዱ ክርክሩን እንዲህ ብሎ ዘጋው፤ «ለዚያ ለስምንት ዓመቱ ሕፃን ጠበቃ ማን አቆመለት? ከመሞቱ በፊት ቃሉን ማን ሰማው?»

«ለሕፃኑ ዐቃቤ ሕግ ቆሞለታል፤ ከኋላውም መንግሥት አለ፣ ፖሊስ አለ፣ የመንግሥት ገንዘብ አለ» ብለን መለስንለት። ልክ ነው፤ ግን መልሱ የጠያቂውን አንጀት እንዳላረሰ ከፊቱ ይታወቅ ነበር። እውነት ለመናገር የእኛንም አላራሰም። የሞተ ልጅ በችሎት አይመለስም። ጠበቃ ቢቆምም፣ ባይቆምም፣ ሚዛኑ ቀድሞውኑ ተሰብሯል። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ገዳዩም ሳይሰማ ይሙት» ለማለት የሚቀረው አንዲት እርምጃ ብቻ ነው፤ ያቺን እርምጃ ለመራመድም ክፉ መሆን አያስፈልግም፤ ማዘን ይበቃል። ነገሩ የሚያስፈራው እዚህ ላይ ነው። የሕግ ጠላት ሁልጊዜ ጨካኝ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ልቡ የቆሰለ ደግ ሰው ነው።

ይህን ቋጠሮ እኛ በክርክር መፍታት ቢያቅተን የፈቱልን የልጁ ወላጆች ናቸው። ልጃቸውን አጥተዋል፤ እናትየዋ ዓይኗን ተጎድታለች፤ ትንሿ ልጃቸው እግሯን አጥታለች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2015፣ ጥፋተኝነቱ ከተወሰነ በኋላ፣ ስለ ቅጣቱ ክርክር ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ «ቦስተን ግሎብ» በተባለው ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። መንግሥት የሞት ቅጣት ጥያቄውን ትቶ፣ ሰውየው ይግባኝ እንዳይል ተደርጎ ዕድሜ ልኩን እንዲታሰር ነበር የጠየቁት። ለገዳዩ አዝነው አልነበረም፤ በጽሑፉም የሠራውን ግፍ አላቃለሉም። ምክንያታቸው የቀሩት ልጆቻቸው ነበሩ፤ የሞት ቅጣት ይግባኝ ዓመታት ይፈጃል፤ በተነሣ ቁጥር ያን ቀን እንደገና ያኖራቸዋል።

እንግዲህ አስተውሉ። ጁዲ ክላርክ የጠየቀችውና የሟቹ ልጅ ወላጆች የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው አይገደል። ጠበቃዋን «የአሸባሪ አዛኝ» ያለ ሰው ወላጆቹንስ ምን ሊላቸው ነው? ምንም ሊላቸው አይችልም። ስለዚህ «አዛኝ» የሚለው ስድብ የሚሰደበው በተጠየቀው ነገር ሳይሆን በጠያቂው ማንነት ነው ማለት ነው። ጠበቃ ሲለው ክህደት፣ እናት ስትለው ቅድስና! ፍትሕ ግን የሚመዝነው የተባለውን ነው።

ጽሑፉ በወጣ በሦስተኛው ቀን ሌሊሳ ቦስተንን እንደገና አሸነፈ፤ በማግስቱ የቅጣቱ ክርክር ተጀመረ። ሜይ 15 ቀን ጁሪው ሞት ፈረደ። የይግባኝ ፍርድ ቤት ጁሪዎቹ ስለ ሰሙትና ስላነበቡት ወሬ በደንብ አልተመረመሩም በሚል ጭምር በ2020 የሞት ቅጣቱን ሻረው፤ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለሰው፤ በ2024 ያው የይግባኝ ፍርድ ቤት የሁለት ጁሪዎች ገለልተኛነት እንዲጣራ አዘዘ። ወላጆቹ የፈሩት አልቀረም።

አሜሪካኖች በእንዲህ ያለ ክርክር ላይ ሁሌም የሚጠሩት አንድ ስም አላቸው፤ ታሪኩም የዚያችው የቦስተን ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1770 የእንግሊዝ ወታደሮች በሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰው ገደሉ። ከተማው በቁጣ ሲግል ለወታደሮቹ ጠበቃ ሆኖ የቆመው፣ በኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ነው። ሻምበሉ በነጻ ተለቀቀ፤ ከስምንቱ ወታደሮች ስድስቱ ነጻ ሲወጡ ሁለቱ ባልታሰበ ግድያ ተፈርዶባቸው አውራ ጣታቸው ላይ በጋለ ብረት ተተኮሱ። አዳምስ ከሦስት ዓመት በኋላ በማስታወሻው ላይ ይህን ሥራ ለአገሩ ካደረጋቸው አገልግሎቶች ሁሉ ከምርጦቹ ቆጥሮታል።

ይህ ምሳሌ ለእኛ ትንሽ ይቀልብናል። አዳምስ አሸነፈ፣ ተሾመ፣ ከበረ። ከሱ ይልቅ የሚገርመን አብሮት የቆመው ወጣት ጠበቃ ጆሳያ ኩዊንሲ ነው። እንግሊዞችን የሚቃወም ሰው ሆኖ ሳለ ለእንግሊዝ ወታደሮች ቆመ። ወንድሙ ሳሙኤል ደግሞ የእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ሆኖ ሳለ ወታደሮቹን ከሰሰ። አንድ እናት ቤት ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሁለቱም ከልባቸው ዝንባሌ በተቃራኒ! አባትየው ለጆሳያ «እንዴት ለነፍሰ ገዳዮች ትቆማለህ?» የሚል የወቀሳ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ልጅየው ለአባቱ የመለሰው ሰዎቹ ገና አልተፈረደባቸውም፣ የሕግ ሰው መሐላም አለብኝ በሚል መንፈስ ነው። የአባት ደብዳቤ ከሰልፈኛ ድንጋይ ይብሳል። ይህን እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ይህ ሁሉ የታወቀ ታሪክ ሆኖ ሳለ ከ237 ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ተጀመረ። የጓንታናሞ እስር ቤት በጃንዋሪ 2002 ተከፈተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 እስረኞቹ እስራታቸውን በፍርድ ቤት ማስመርመር ይችላሉ ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ ታላላቅ የጥብቅና ድርጅቶች ያለ ክፍያ ሊቆሙላቸው ገቡ። በጃንዋሪ 2007 የእስረኞች ጉዳይ የተሰጠው የመከላከያ ባለሥልጣን ቻርልስ ስቲምሰን፣ እሱ ራሱ የሕግ ሰው የሆነ፣ በሬዲዮ ቀርቦ የነዚህን ድርጅቶች ስም ዘረዘረ፤ ነጋዴ ደንበኞቻቸውም «ወይ እኛን ወይ አሸባሪዎቹን ምረጡ» ሊሏቸው እንደሚችሉ ተናገረ። ብዙ ጩኸት ተነሣ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሚቀጥለው ወር ሥራውን ለቀቀ። በማርች 2010 ደግሞ ቀድሞ ለእስረኞች የቆሙ፣ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር የተቀጠሩ ሰባት የሕግ ሰዎችን በአልቃይዳ ስም የሚጠራ የቪዲዮ ማስታወቂያ ወጣ። ይህን ያወገዙት የተከሰሱት ወገኖች ብቻ አልነበሩም፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተንን ያሯሯጠው ኬኔት ስታርና በቡሽ መንግሥት ያገለገሉ ሰዎች ጭምር ፈርመው ተቃወሙ፤ የጆን አዳምስንም ስም ጠሩ።

የከሳሾቹን ሐሳብ ግን ሳናጣምም እንየው። እንዲህ ነው የሚሉት፤ ፍርድ ቤት የመደበው ጠበቃ ግዴታው ነው፤ ያለ ገንዘብ ወዶ የሄደ ሰው ግን ምርጫው ልቡን ይናገራል። ባዶ ክርክር አይደለም። በከተማው ውስጥ ገንዘብ የሌለው ተከሳሽ ሞልቶ፣ ለምን እነዚህን? መልሱ ደግሞ ቀላል ይመስለናል፤ በሌላው ቦታ ደካማም ቢሆን ጠበቃ አለ፤ እዚያ ግን ማንም አልነበረም። ሐኪም ወረርሽኝ ወዳለበት የሚሄደው በሽታውን ወዶ ነው እንዴ? ቢሆንም በወረርሽኝ መካከል በሽታው የሚይዘው ሐኪም አለ፤ ይህንም መደበቅ ተገቢ አይመስለንም።

ሊን ስቱዋርት የኒው ዮርክ ጠበቃ ነበረች። በ1995 በሽብር ሴራ ለተፈረደበት ለዓይነ ስውሩ ግብፃዊ ሼክ ለዑመር አብድ አልራሕማን ቆማለች። ሼኩ ዕድሜ ልክ ከገባ በኋላ ቃሉ ከእስር ቤት ወደ ውጭ እንዳይወጣ መንግሥት ከለከለ፤ እሷም ክልከላውን ላከብር ብላ ፈረመች። በ2000 ግን ጎብኝታው ስትመለስ ለአንድ የዜና ወኪል ጋዜጠኛ መልእክቱን ነገረችው፤ በግብፅ ያሉ ተከታዮቹ ከገቡበት የተኩስ ማቆም ድጋፉን ማንሣቱን የሚገልጽ ነበር። በ2005 ተፈረደባት፤ መጀመሪያ 28 ወር፣ በኋላ በ2010 አሥር ዓመት። በካንሰር ታማ በ2013 መጨረሻ ተለቀቀች፤ በ2017 ሞተች። ብዙ ተራማጅ ሰዎች ሰማዕት ያደርጓታል። እኛ በዚህ አንስማማም። ለሼኩ ማዘኗ፣ ከፈለገች መውደዷ፣ ወንጀል አልነበረም፤ ጠበቃ ግን አንደበቱን ለተከሳሹ የሚያውሰው ለችሎት ነው። የተዋሰው አንደበት ከችሎት ወጥቶ ለጦር አዝማች መልእክተኛ ከሆነ ሌላ ነገር ሆኗል። ደግሞ በሷ ምክንያት የተጎዳው ማነው? ከሷ በኋላ ለተጠላ ሰው የሚቆመው ጠበቃ ነው፤ ስሟ እየተጠራ በጥርጣሬ ዓይን የሚታየው እሱ ነው።

እሷን ከአንዲት ሌላ ሴት ጋር እናስተያያት። ቢንያም መሐመድ አዲስ አበባ የተወለደ፣ በ1994 በልጅነቱ እንግሊዝ አገር ገብቶ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ነው። በኤፕሪል 2002 ካራቺ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ፤ ከዚያ ወደ ሞሮኮ፣ ከሞሮኮ ወደ አፍጋኒስታን፣ በ2004 ወደ ጓንታናሞ ተወሰደ። ለወታደራዊ ችሎት ሲቀርብ የተመደበችለት ጠበቃ ሻለቃ፣ በኋላ ሌተና ኮሎኔል፣ ኢቮን ብራድሊ የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን ነበረች። መጀመሪያ መንግሥቷ ያላትን አምና፣ እዚያ የታሰሩት የክፉዎች ክፉ ናቸው ብላ ነበር የሄደችው። ለሱ ምንም አልራራችም፤ ማወቅ ነው ያለባት፣ ጠየቀች፣ ሰነድ አሳዩኝ አለች። ስትጠይቅ ስትጠይቅ የተባለው ነገር ከእጇ ላይ ይበታተን ጀመር። በኦክቶበር 2008 ክሱ ተነሣ፤ በፌብሩዋሪ 2009 ተለቆ እንግሊዝ ገባ። ሞሮኮ ውስጥ በምላጭ እየተቆረጠ ተመርምሬአለሁ ያለውን በዚያው ዓመት ዋሽንግተን የሚገኝ ፍርድ ቤት በሌላ እስረኛ ጉዳይ ላይ የሚታመን ቃል ነው ብሎ ተቀበለው። በፌብሩዋሪ 2010 የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ደብቆ የያዛቸውን ሰባት አንቀጾች፣ ስለ አያያዙ የሚናገሩትን፣ እንዲታተሙ አዘዘ።

ቢንያም ጥፋተኛ ነው ተብሎ አንድም ፍርድ ቤት አልፈረደበትም። ሰባት ዓመት ግን ታስሯል። ጠበቃ ባይኖረው ኖሮ ስለዚያ ምላጭ ዛሬም አንሰማም ነበር፤ እንግሊዛውያንም በስማቸው የተደረገውን አያውቁም ነበር። «ጠበቃ» የሚለው ቃላችን «ጠበቀ» ከሚለው ነው የወጣው። ብራድሊ የጠበቀችው ቢንያምን ብቻ ነው? ያላወቁትን እንግሊዛውያንም አሜሪካውያንም ጭምር ነው እንጂ። ርኅራኄው ከመጣም በኋላ ነው የመጣው፤ ካወቀች በኋላ።

እኛም አገር ሁለቱም መንገድ ነበር። አያቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽን በቁራኛ ያስሩ ነበር፤ ነጠላ ከነጠላ፣ እጅ ከእጅ ተቋጥሮ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ዳኛ ፊት አብረው ይደርሳሉ። ከሳሽም ከተከሳሹ እኩል መጎተት አለበት፤ ክስ ቀላል ነገር እንዳይመስለው። ችሎቱ «በላ ልበልሃ» ነው፤ ሁለቱም ወገን ቆሞ ይናገራል። በሌላ በኩል ሌባ ሻይ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያጨሱታል፤ እየተንገዳገደ ሲሮጥ ከኋላው በገመድ ይዘው ይከተሉታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። አለቀ። ለሌባ ሻይ ማን ይከራከረዋል? ልጁ አያውቅም፣ መድኃኒቱ አይናገርም። ሌባ ሻይ በሕግ ከቀረ ቆይቷል። በልብ ግን አልቀረም፤ አንድ ስም በአደባባይ ተጠርቶ አንድ ደጃፍ ላይ ሲወድቅ ሁላችንም ገመዱን ይዘን ልንሮጥ ይቃጣናል።

«ሽብር» የሚለው ቃል ራሱ በእኛ ቋንቋ ቀለም አለው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን፣ ብዙዎቹ የቀድሞው መንግሥት ሹማምንት፣ ያለ ፍርድ ረሸነ። ጥፋታቸው የታወቀ ነው ተባለ፤ ለታወቀ ነገር ጠበቃ ምን ያደርጋል! ከሁለት ዓመት በኋላ በከተማ ውስጥ ባለሥልጣንና ካድሬ በጥይት መገደል ሲጀምር ያ «ነጭ ሽብር» ተባለ፤ ለሱ መልስ ተብሎ «ቀይ ሽብር» በአዋጅ መጣ። በነጩ የሞቱትም ልጅና ሚስት ነበራቸው፤ ገዳዮቻቸው በሕግ መጠየቅ ነበረባቸው። የሆነው ግን ሌላ ነው። «አናርኪስት» የተባለ ሁሉ፣ አብዛኛው በኛ ዕድሜ ያለ ተማሪ፣ ከቤት እየተወሰደ ሬሳው መንገድ ላይ ተጣለ። ቤተሰብ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይጠየቅ ነበር። ማልቀስ ተከለከለ። ድንኳን መትከል፣ ለቅሶ መቀመጥ ለፀረ አብዮተኛ ማዘን ነው ተባለ። እናት አፏን በነጠላዋ ይዛ ጓዳ ውስጥ አለቀሰች። ያ ሰውን ሁሉ የሚቀብር እድርስ የት ነበር?

እንግዲህ «ለአሸባሪ አዝናችኋል» የሚለው ክስ መጨረሻው የት እንደሚደርስ ለማወቅ እኛ ቦስተን ድረስ መሄድ አያሻንም። መጀመሪያ ጠበቃው ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ጎረቤት፤ በመጨረሻ እናት።

የሚገርመው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ሲጀመር፣ ለማንም ጠበቃ ያላቆሙት ሰዎች ራሳቸው ጠበቃ ቆመላቸው፤ መክፈል ላልቻለው በመንግሥት ወጪ። ያን ጊዜ ስንት እናት ተቃጥላ ይሆን? ችሎቱ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ዚምባብዌ ተቀምጦ በሌለበት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባለ። ዘገየ፣ ተንዛዛ፣ ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ የግድያ ትእዛዙ ከነፊርማው አለ፤ ጠበቆቹ እየተከራከሩበት፣ ምስክሩ እየተፈተነበት የገባ ስለሆነ ዛሬ «ውሸት ነው» የሚል ሰው ቢነሣ መልስ አለን። በኅዳር 14 ለተረሸኑት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም፤ ከነሱ መካከል በእርግጥ ሕዝብ የበደለ ቢኖር እንኳ በደሉ ሳይጻፍ አብሮት ተቀበረ። ያለ ጠበቃ የተገደለ ጥፋተኛ ጥፋቱን ይዞ ያመልጣል።

ከዚያ ወዲህም ቃሉ ዕረፍት አላገኘም። የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ከወጣ በኋላ ጋዜጠኛና ጦማሪ በሽብር ተከሷል፤ ከዞን ዘጠኝ ጦማሪያን መካከል ክሳቸው ሳይቋረጥ የቀሩትን በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክሱ ነጻ ብሏቸዋል፤ ያውም ጠበቆቻቸው ለፍተው። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ፓርላማው ግንቦት 7ን፣ ኦነግንና ኦብነግን ከአሸባሪነት መዝገብ ሰረዘ። በ2012 ዓ.ም. አዋጁ በሌላ አዋጅ ተተካ። በ2013 ዓ.ም. ሕወሓትና ሸኔ ተመዘገቡ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ሕወሓት ተሰረዘ። ማን ትክክል ነበር፣ ማን አልነበረም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። ስሙ ግን እንደ ካፖርት ይለበሳል፣ ይወልቃል፤ ካፖርቱን ለብሶ ሳለ የተፈረደበት ሰው ሲያወልቅ ዓመታቱን ማን ይመልስለታል?

ለተከሳሽ ማዘን ግዴታ ነው የሚል ሰው ካለም ከሱ ጋር አንስማማም። ማንም ለጻርናየቭ እንድናዝንለት ሊያዝዘን አይችልም፤ ሐዘናችን ለልጁ፣ እግሯን ላጣችው እህቱ ነው። የማይታዘዝ ነገር ደግሞ አይከለከልም። ያቺ የቨርጂኒያ ሴት መቃብር ስትፈልግ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀችም፤ ልክ ነበረች።

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል፣ መክፈል ሳይችል ቀርቶ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው ተብሎ ተጽፏል። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መካከል የሕግ ተማሪዎች አሉ። አንድ ቀን ከመካከላቸው ለአንዱ መዝገብ ይሰጠዋል፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ስም ከተማው ሁሉ የረገመው ስም ይሆናል፤ ምናልባት የኛን ዘመድ የገደለ። ከዚያ ወጥቶ ቡና ሊጠጣ ሲቀመጥ ወንበሩን ስቦ አጠገቡ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ እናያለን።